የፎቶግራፍ ውድድር ደንብና ዘርፍ፦ ከታሪክ አንጻር

አንድ የኪነ ጥበብ ውድድር በታወጀ ቁጥር የተወዳዳሪው ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በሽልማቱ መጠንና በሥራ ማስረከቢያው ቀን ላይ ነው። ደንቡን ብዙዎች እንደ ተራ የጽሕፈት ቤት ወረቀት ቆጥረው ያልፉታል። «ተወዳዳሪው ከሚከተሉት ዘርፎች አንዱን ይምረጥ፤ ምስሉ ያልተነካካ ይሁን፤ የተነሣበት ቦታና ቀን ይገለጽ» የሚሉት ዐረፍተ ነገሮች በእርግጥም ስሜት የሚቀሰቅሱ አይደሉም። ይሁን እንጂ የፎቶግራፍን ታሪክ በጥሞና ለመረመረ ሰው ከእነዚህ ደረቅ አንቀጾች ውስጥ ብዙዎቹ የአንድ ሙግት ፍርድ ናቸው። ሙግቱ ተረስቶ ፍርዱ ብቻ ስለቀረ ነው ደረቅ የሚመስሉን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ከአንቀጾቹ ጀርባ ያለውን ሙግት በአጭሩ መቃኘት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደንብ ለኪነ ጥበብ ባዕድ አለመሆኑን የአገራችን አንባቢ በቀላሉ ይገነዘባል። በቅኔ ቤት ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ተማሪው ሦስት ቤት ይዞ ቀርቦ «ጉባኤ ቃና ተቀኘሁ» ቢል፣ የኔታ ቅኔህ አስቀያሚ ነው አይሉትም፤ ስሙ ያ አይደለም ይሉታል። ዘርፍ ማለት እንግዲህ ሠሪና ተመልካች አስቀድመው የተዋዋሉት ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳኑ የፈረሰበት ሥራ ውብ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ስም ግን ሊሸለም አይገባውም።

ፎቶግራፍ ግን ወደ ዓለም ሲመጣ ስምም መቀመጫም አልተሰናዳለትም ነበር። የሉዊ ዳጌር የምስል ማንሻ ዘዴ በፓሪስ ለሕዝብ ይፋ የሆነው በ1839 ነው። ብርሃን የሣለው በመሆኑ የሳይንስ ልጅ ነው ያሉ ነበሩ፤ የሰው ዓይን የመረጠው በመሆኑ የሥዕል ታናሽ ወንድም ነው ያሉም ነበሩ። በ1857 በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ኦስካር ሬይላንደር ከ30 በላይ ኔጋቲቮችን አገጣጥሞ ያዘጋጀውን ባለ ብዙ ሰው ትዕይንት በማንቸስተር ለኤግዚቢሽን አቀረበ። ሥራው አድናቂም ነቃፊም አላጣም። ከ30 ቁራጭ የተሰፋ ምስል አንድ ፎቶግራፍ ነውን? ጥያቄው በዚያን ጊዜ ተነሥቶ እስከ ዛሬ አልተቀመጠም።

በ1859 የፈረንሳይ የፎቶግራፍ ማኅበር ታላቁ የሥዕል ዐውደ ርእይ በሚታይበት በዚያው ሕንጻ ውስጥ ሥራዎቹን እንዲያሳይ ተፈቀደለት። ሆኖም መግቢያው በር የተለየ ነበር። ሥዕልን ሊያይ የመጣ ሰው በአንደኛው፣ ፎቶግራፍን ሊያይ የመጣ በሌላኛው ይገባል። በዚያው ዓመት ባለቅኔው ሻርል ቦድሌር በጻፈው ሒስ ፎቶግራፍ የሳይንስና የኪነ ጥበብ አገልጋይነቱን አውቆ እንዲቀመጥ አሳሰበ። የሙያ ወንድሜ ቢሆንም በዚህ ፍርዱ አልስማማም፤ ስጋቱ ግን ከንቱ እንዳልነበረ ከዚህ በታች የምናየው ታሪክ ይመሰክራል።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1862 ለንደን ላይ በተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አዘጋጆቹ ፎቶግራፍን ከመኪናና ከመሣሪያ ጎራ መደቡት። በ1853 የተቋቋመው የለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር አጥብቆ ተቃወመ። ከብዙ ክርክር በኋላ ፎቶግራፍ ራሱን የቻለ 14ኛ ምድብ ተሰጠው፤ ምድቡ ግን እዚያው በመሣሪያዎች ክፍል ሥር ቀረ። ለአንድ የቁጥር መደብ ይህን ያህል መከራከር ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ መልሱ ግልጽ ነው። በመሣሪያ ተርታ የተመደበ ነገር የሚመሰገነው ስለ ሥራው ጥራት ነው፤ በኪነ ጥበብ ተርታ የተመደበ ግን ስለ ሠሪው ሐሳብ ይጠየቃል። ፎቶግራፍ አንሺዎቹ የጠየቁት ሐሳብ እንዳላቸው እንዲታወቅላቸው ነበር።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጋመስ ይህ ጥያቄ መልኩን ለወጠ። በ1955 የኔዘርላንድ ፎቶግራፍ አንሺዎች ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለውን ዓለም አቀፍ የዜና ፎቶግራፍ ውድድር ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ከ11 አገሮች የመጡ 42 ፎቶግራፍ አንሺዎች ከ300 በላይ ሥራዎችን አቀረቡ፤ ያሸነፈውም ዴንማርካዊው ሞገንስ ፎን ሃቨን በሞተር ብስክሌት ውድድር ላይ ሲወድቅ ያነሣው ተወዳዳሪ ምስል ነበር። ከዚህ በኋላ ክርክሩ «ፎቶግራፍ ኪነ ጥበብ ነውን?» የሚለው መሆኑ ቀርቶ «ፎቶግራፍ ምስክር ነውን? ምስክርስ ከሆነ ምን ያህል ይታመናል?» ወደሚለው ዞረ።

በ2010 ሁለት ፍርዶች በተከታታይ ተሰጡ። በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተባባሪነት በሚካሄደው የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ውድድር፣ በሌሊት የእንጨት አጥር ዘልሎ የሚሻገር ተኩላ የሚያሳየው የ2009 አሸናፊ ሥራ ሽልማቱ ተነጠቀ። ዳኞቹ ተኩላው ለማዳና ለፎቶግራፍ የሚከራይ ሳይሆን አይቀርም ብለው ደመደሙ፤ አንሺው ግን ክሱን ክዷል። በዚያው ዓመት ወርልድ ፕሬስ ፎቶ በኪየቭ የጎዳና ፍልሚያ ላይ የተሠራውን ተሸላሚ ሥራ ሰረዘ፤ ምክንያቱም ከአንዱ ምስል ጠርዝ ላይ የሚታይ የእግር ቁራጭ በኮምፒዩተር ጠፍቶ ተገኘ። ለአንድ እግር ይህን ያህል? ሊባል ይችላል። ዳኛው ግን የጠፋውን እግር አልነበረም የመዘነው፤ ከአንድ ምስል አንድ ነገር የደመሰሰ እጅ በሌላው ላይ ምን እንደደመሰሰ ማን ያውቃል የሚለውን ጥያቄ ነበር።

በ2015 ደግሞ እዚያው ወርልድ ፕሬስ ፎቶ ወደ ማጠናቀቂያው ከተጠጋው ዙር ከደረሱት ሥራዎች 20 በመቶው ከዋናው ፋይል ጋር ሲመሳከሩ ተነካክተው በመገኘታቸው ከውድድር ውጪ ሆኑ። በዚያው ዓመት ስለ ቤልጅጓ ከተማ ሻርልሯ የተሠራ የፎቶግራፍ ትረካ አንደኛ ወጣ። የከተማዋ ከንቲባ ከተማችን ያለ ስሟ ስም ተሰጣት ብለው አቤት አሉ። ሲጣራም ከምስሎቹ አንዱ የተነሣው በሻርልሯ ሳይሆን በብራስልስ አካባቢ በሞለንቤክ መሆኑ ተረጋገጠና ሽልማቱ ተነሣ። እንግዲህ «ቦታው ይገለጽ» የምትለዋ አጭር ሐረግ የአንድ ከተማ ሕዝብ ክብር የሚጠበቅባት ሐረግ ናት።

ይህ ነጥብ ለእኛ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አይደለም። በ1984 የአሜሪካው የፑሊትዘር ሽልማት ለአንተኒ ስዋው ሲሰጥ በኢትዮጵያ ረኀብ ላይ ያነሣቸው ምስሎች ከሽልማቱ ምክንያቶች አንዱ ነበሩ፤ በ1985ም ስታን ግሮስፌልድ ሲሸለም እንደዚሁ። ምስሎቹ የዓለምን ሕሊና ለመቀስቀስ ያደረጉትን አስተዋጽኦ መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን በሽልማቱ መዝገብ ላይ የአንሺው ስም ሲሰፍር፣ በምስሉ ውስጥ ያለችው እናት የምትታወቀው በረኀቡ ነው። እርሷ ስም ነበራት፤ የተወለደችበት ቀበሌ ነበራት፤ ከዚያ ቀን በፊት የታጨደ እህል፣ የተዘፈነ ሠርግ ነበራት። የውድድር ደንብ የአንሺውን ሐቀኝነት ሲመረምር የተነሺውን ክብር ካልመረመረ ሥራውን ከግማሽ ላይ አቋርጦታል።

የመዳቢው ሥልጣን ሌላው ገጽታም ይኸው ነው። ወርልድ ፕሬስ ፎቶ ከ2022 ውድድር ጀምሮ ዓለምን በስድስት ክልሎች ከፍሎ አፍሪካን አንዱ ክልል አደረገ፤ በየክልሉም ነጠላ ምስል፣ ትረካ፣ የረዥም ጊዜ ሥራና ነጻ ቅርጽ የተባሉ አራት ዘርፎችን አቆመ። በዚህም አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ሥራ በመጀመሪያ ከጎረቤቱ ጋር ይመዘናል። እዚህ አዲስ አበባም በ2010 አይዳ ሙሉነህ የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት አፍሪካን በአፍሪካውያን ዓይን ጭምር ለማሳየት በር ከፍቷል። በ1859 ፓሪስ ላይ የተለየ በር የውርደት ምልክት ነበር፤ በሌላ ዘመን ግን የራስ በር ማበጀት ወደ አደባባይ መውጫ ሊሆን ይችላል። በሩን ማን እንደሠራው መጠየቅ ይገባል።

በመጨረሻም ወደ ዘመናችን ሙግት እንድረስ። በ2023 ጀርመናዊው ቦሪስ ኤልዳግሰን በሶኒ የዓለም ፎቶግራፍ ሽልማት በፈጠራ ዘርፍ ካሸነፈ በኋላ ሥራው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ መሆኑን ገልጾ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ወርልድ ፕሬስ ፎቶ እንዲህ ያሉ ምስሎችን በነጻ ቅርጽ ዘርፍ ሊቀበል አስቦ ከፎቶግራፍ አንሺዎች በደረሰበት ተቃውሞ ሐሳቡን ለወጠ። በ2024 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ማይልስ አስትሬይ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ አንገቷን ወደ ሆዷ ያጠፈች፣ ራስ አልባ የምትመስል የፍላሚንጎ ወፍ እውነተኛ ፎቶግራፍ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘርፍ አስገብቶ ተሸለመ። እውነቱን ሲናገር እርሱም ከውድድር ውጪ ሆነ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ እርሱም አልተቃወመውም። የውድድሩ ስም ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቃልን? «1839 ሽልማት» ይባላል። ክርክሩ ከ185 ዓመት በኋላ በተወለደበት ዓመት ስም ተመልሶ መጣ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ከላይ ያየናቸው ደንቦች የተጠናከሩት ከጥል በኋላ ነው፤ ለእያንዳንዱ ትምህርትም የከፈለ ሰው አለ። በየትምህርት ቤቱ ክበብ፣ በየባህል ማዕከሉና በየሙያ ማኅበሩ የፎቶግራፍ ውድድር ለማዘጋጀት የምንነሣ ሁሉ ይህን ዋጋ ዳግመኛ መክፈል የለብንም። ደንባችን አራት ጥያቄዎችን ይጠይቅ፦ ምስሉ የተነሣው የት፣ መቼ ነው? ከተነሣ በኋላ ምን ተደረገበት? ዋናው ፋይል ወይም ኔጋቲቭ ለዳኛ ሊቀርብ ይችላልን? በምስሉ ያለው ሰው ማን ነው፣ መነሣቱንስ ፈቅዷልን? ለፈጠራ ሥራም ስሙ በግልጽ የተጻፈ የራሱ ዘርፍ ይሰጠው፤ ያን ጊዜ ሕልመኛው እንደ ሕልመኛ፣ ምስክሩም እንደ ምስክር ይዳኛል።

አራተኛው ጥያቄ በአንድ የማመልከቻ ወረቀት ላይ ከአንድ መስመር የበለጠ ቦታ አይፈጅም። ያቺ መስመር ግን የዚያች እናት ስም የሚጻፍባት ናት።