ሽኝትም ይለመዳል



በዚህ ገጽ ዘወትር የምንወያየው ስለ ሥልጣን ነው፤ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚሠራበት፣ እንዴትስ እንደሚለቀቅ። ዛሬም ከዚያው ጉዳይ አልወጣሁም። የምነሣው ግን ከቤተ መንግሥት ደጃፍ ሳይሆን ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። ስለ ስፖርት ማንበብ የማይወድ ወዳጄ ጥቂት ይታገሠኝ።

እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2025 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የካናዳው ቶሮንቶ ራፕተርስ ቡድን ከፕሬዚዳንቱ ከማሳይ ኡጂሪ ጋር መለያየቱ ታወጀ። ቡድኑን ለ12 ዓመታት የመሩት እኚህ ሰው በውላቸው ላይ ገና አንድ ዓመት ይቀራቸው ነበር። ዜናው የተሰማው ቡድኑ ለመጪው የውድድር ዘመን አዳዲስ ወጣቶችን መርጦ ባጠናቀቀ ማግስት ነው። በንግድ ዓይን ካየነው ነገሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ራፕተርስ በዚያ ዓመት ካደረጋቸው 82 ጨዋታዎች ያሸነፈው 30 ብቻ ነበር፤ በቀደመው ዓመት ደግሞ 25። እንዲህ ያለ ውጤት በተከታታይ ያስመዘገበ ኃላፊ በየትኛውም ክለብ ወንበሩ ይነቃነቃል።

የሚያስደንቀው የደጋፊዎቹ ነገር ነው። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላል ያገራችን ሰው፤ በቶሮንቶ ግን ዛፉ ሲወድቅ ምሳር ያነሣው ሰው ጥቂት ነበር። ደጋፊዎች የ2019ን ዋንጫ ፎቶግራፍ እያወጡ አመሰገኑ፣ አዘኑ፣ አንዳንዶችም በቡድኑ ባለቤቶች ላይ ተቆጡ። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው ግን ምስጋናው ወቀሳውን አለመዋጡ ነው። ሰውየውን ያመሰገነው ያው ደጋፊ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተሠራውን ስሕተት በዚያው አፉ ይዘረዝር ነበር። ውለታውን አልካደም፤ ሒሳቡንም አልሰረዘም።

ለመሆኑ አንድ ሕዝብ እንዲህ መሸኘትን ከየት ያገኘዋል? መልሴ አጭር ነው፤ ይማረዋል። የቶሮንቶን ታሪክ ስንመረምር ከተማይቱ ይህን ትምህርት ያገኘችው በነጻ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ራፕተርስ ወደ ኤንቢኤ የገባው በ1995 ነው። ያን ዓመት አብሮት የገባው ሌላው የካናዳ ቡድን የቫንኩቨር ግሪዝሊስ ነበር፤ እሱ በ2001 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አሜሪካዋ ሜምፊስ ተሻገረ። ቶሮንቶ ብቻዋን ቀረች። የበረዶ ሆኪ አገር በሆነችው ካናዳ ቅርጫት ኳስ እንግዳ ነገር ነበርና ብዙ አሜሪካውያን ተጫዋቾች ቶሮንቶን የመሸጋገሪያ ጣቢያ አድርገው ያይዋት ነበር። ትሬሲ ማክግሬዲ በ2000 ወደ ኦርላንዶ ሄደ። ክሪስ ቦሽ በ2010 ወደ ማያሚ ሄደ። በመካከላቸው ደግሞ ከተማይቱን ከሁሉም በላይ ያቆሰላት ቪንስ ካርተር ነበር።

ካርተር በ1998 መጥቶ በአየር ላይ በሚያሳየው ጥበብ ቶሮንቶን ለዓለም ያስተዋወቀ ተጫዋች ነው። ዛሬ በኤንቢኤ የሚጫወቱ ካናዳውያን እየበዙ የመጡት እሱን እያዩ ካደጉ ልጆች መካከል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመጨረሻ ግን ከአስተዳደሩ ጋር ተቃቃረ፤ ቡድኑን መልቀቅ እንደሚፈልግም አሳወቀ። በዲሴምበር 2004 ወደ ኒው ጀርሲ ተላከ። ከዚያ በኋላ በተቃዋሚ መለያ ወደ ቶሮንቶ በመጣ ቁጥር፣ ኳስ በነካ ቁጥር፣ አዳራሹ በጩኸትና በፉጨት ያዋርደው ጀመር። ይህም አንድ ሰሞን ብቻ የቆየ ቁጣ አልነበረም፤ ዓመታትን አስቆጠረ። የቶሮንቶ ደጋፊ ያን ጊዜ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ማምለክና መርገም።

ማሳይ ኡጂሪ በ2013 የዋና ሥራ አስኪያጅነቱን ሥልጣን የተረከቡት እንዲህ ባለች ከተማ ነው። ለቦታው እንግዳ አልነበሩም፤ ቀደም ብለው በዚያው ቡድን ውስጥ በረዳትነት ሠርተዋል። አባታቸው ናይጄሪያዊ፣ እናታቸው ኬንያዊት ሲሆኑ፣ በ1970 እንግሊዝ አገር ተወልደው ያደጉት በሰሜን ናይጄሪያዋ ዛሪያ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ቅርጫት ኳስ ተጫወቱ፤ በአውሮፓም ሞከሩ፤ ተጫዋችነቱ ግን ብዙ አላራመዳቸውም። የኤንቢኤን በር ያንኳኩት ለኦርላንዶ ቡድን ያለ ደመወዝ ተጫዋች መልማይ ሆነው ነው። በ2010 የዴንቨር ቡድን ዋና ሥራ አስኪያጅ ሲሆኑ፣ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሊጎች ለዚህ ማዕረግ የበቁ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተባሉ። በ2013 ደግሞ የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ሥራ አስኪያጅ ተብለው ተሸለሙ፤ ይህን ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ያልሆኑ ሰው ናቸው። ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን በ2003 የመሠረቱት «ጃይንትስ ኦቭ አፍሪካ» የተባለው ድርጅት በአህጉራችን ለሚገኙ ወጣቶች የሥልጠና ካምፖችንና የመጫወቻ ሜዳዎችን ሲያዘጋጅ ኖሯል።

ራፕተርስ ያን ጊዜ ለአምስት ተከታታይ ዓመታት የጥሎ ማለፉን ውድድር በሩቅ ሲያይ የኖረ ቡድን ነበር። በኡጂሪ የመጀመሪያ ዓመት ወደዚያው ተመለሰ። በ2014 የጥሎ ማለፉ ውድድር በተከፈተበት ዕለት ከአዳራሹ ውጭ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሲናገሩ በተጋጣሚያቸው በብሩክሊን ላይ በሰነዘሩት ነውረኛ ቃል 25,000 ዶላር ተቀጡ። ሕዝቡ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የእኛ ሰው አላቸው።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር አንድ ታሪክ የሚገባው ነገር ተፈጸመ። ቡድኑ 20ኛውን የውድድር ዘመኑን ሲያከብር፣ ቪንስ ካርተር በሜምፊስ መለያ ወደ ቶሮንቶ መጣ። በጨዋታው መካከል የቀድሞ ዘመኑን የሚያሳይ ፊልም በአዳራሹ ታየ። ሲጀመር የተለመደው ጩኸት ተሰማ፤ ቀስ በቀስ ግን ጩኸቱ ወደ ጭብጨባ ተለወጠ፤ ሕዝቡም ከመቀመጫው ተነሣ። ካርተር አለቀሰ። ከሄደ አሥር ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ቶሮንቶ ያን ቀን ሸኘችው። በኖቬምበር 2024 ደግሞ 15 ቁጥር መለያው በክብር ከአዳራሹ ጣሪያ ተሰቀለ።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው በ2018 ነው፤ ያቆሰሉትም ኡጂሪ ራሳቸው ናቸው። ዴማር ዴሮዛን ሌሎች ከዋክብት ሲሸሹ ቶሮንቶን መርጦ ዘጠኝ ዓመት የተጫወተ ታማኝ ልጅ ነበር። ቡድኑ ግን በየዓመቱ በጥሎ ማለፉ ይሰናከል ነበር፤ በ2016፣ በ2017 እና በ2018 ያሸነፈው የሌብሮን ጄምስ ክሊቭላንድ ነው። ኡጂሪ በመጀመሪያ በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ አሠልጣኝ የተባለውን ድዌን ኬሲን አሰናበቱ፤ በጁላይ ደግሞ ዴሮዛንን ወደ ሳን አንቶኒዮ ልከው በምትኩ ካዋይ ሌናርድን አመጡ። ሌናርድ በጉዳት ሳቢያ ያለፈውን ዓመት አብዛኛውን ሳይጫወት ያሳለፈ፣ ውሉም አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ሰው ነበር። ዴሮዛን እንደተከዳ ተሰማው፤ ይህንንም በይፋ ተናገረ። ኡጂሪም በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። በፌብሩዋሪ 2019 ዴሮዛን በተቃዋሚ መለያ ሲመለስ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ለካርተር አሥር ዓመት የፈጀው ነገር ለዴሮዛን ሰባት ወር ብቻ በቃው።

ያ ውሳኔ ፍሬ አፈራ። በሜይ 12 ቀን 2019 በሰባተኛው ጨዋታ የመጨረሻ ቅጽበት ሌናርድ የወረወራት ኳስ የቅርጫቱን ቀለበት አራት ጊዜ ነጥራ ገባችና ፊላደልፊያ 92 ለ90 ተሸነፈ። በጁን 13 ደግሞ ራፕተርስ በኦክላንድ ከተማ ጎልደን ስቴትን 114 ለ110 አሸንፎ ከአሜሪካ ውጭ የሚገኝ ቡድን ያላገኘውን የኤንቢኤ ዋንጫ ወሰደ። ከቡድኑ ዓምዶች መካከል የካሜሩኑ ፓስካል ሲያካም እና የኮንጎው ሰርጅ ኢባካ ይገኙበት ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ከሚሊዮን በላይ እንደሆነ የተገመተ ሕዝብ የቶሮንቶን ጎዳናዎች አጥለቀለቀ።

በዚያች የድል ምሽት የሆነውን መዝለል አይገባም። ኡጂሪ ከተጫዋቾቻቸው ጋር ለመደሰት ወደ ሜዳው ሲወርዱ፣ አንድ የጸጥታ መኮንን ገፍትሮ ከለከላቸው። መኮንኑ በኋላ ጥቃት የደረሰብኝ እኔ ነኝ ብሎ ክስ መሠረተ። በኦገስት 2020 ከራሱ ከመኮንኑ ካሜራ የተገኘው ፊልም ይፋ ሲሆን ግን፣ የይለፍ ወረቀታቸውን ሲያወጡ የነበሩትን ሰው ቀድሞ የገፈተረው እሱ መሆኑ ታየ። ክሶቹ በ2021 ተቋረጡ። ኡጂሪ ይህ የደረሰባቸው ጥቁር በመሆናቸው ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። ዋንጫ ያመጣ መሪ እንኳ በገዛ ድሉ ደጃፍ ማንነቱን እንዲያስረዳ መገደዱ ለብዙ ስደተኛ የቶሮንቶ ነዋሪ እንግዳ ታሪክ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ኡጂሪ ለእነዚህ ሰዎች ከኳስ ያለፈ ትርጉም ቢኖራቸው አይደንቅም።

ሦስተኛው ትምህርት ወዲያው ተከተለ። ሌናርድ ዋንጫው በተወሰደ በሳምንታት ውስጥ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። በዲሴምበር 2019 የሻምፒዮንነት ቀለበቱን ሊቀበል ሲመለስ የጠበቀው የጋለ ጭብጨባ ነው። እንግዲህ ቶሮንቶ ሰው ሄደ ብሎ ሥራውን መካድ እንደማይገባ ለምዳለች ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቁልቁለት ነበር። በወረርሽኙ ምክንያት ቡድኑ የ2020–21ን ዘመን በፍሎሪዳዋ ታምፓ በስደት አሳለፈ። ፍሬድ ቫንቭሊት በ2023 ቡድኑ ምንም ምትክ ሳያገኝበት ሄደ። ሲያካም በጃንዋሪ 2024 ወደ ኢንዲያና ተላከ፤ በጁን 2025 በፍጻሜው ውድድር ላይ ሲጫወት የቶሮንቶ ደጋፊዎች በቴሌቪዥን አዩት። የኡጂሪ ስንብት የተሰማው ያ ፍጻሜ ካበቃ በአምስተኛው ቀን ነው።

በባለቤቶቹም ሠፈር ለውጥ ነበር። ሮጀርስ የተባለው የቴሌኮሙኒኬሽን ኩባንያ፣ የተቀናቃኙን የቤልን 37.5 በመቶ ድርሻ በ4.7 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ለመግዛት በ2024 ተስማምቶ ነበር፤ ግዢው የተጠናቀቀው ኡጂሪ በተሰናበቱ በአራተኛው ቀን ነው። በዚህም ኩባንያው የቡድኑን ባለቤት ድርጅት 75 በመቶ ያዘ። ደጋፊው ከዚህ ሁሉ አንዲት አክሲዮን የለውም። ማን እንደሚሾም፣ ማን እንደሚሻር አይጠየቅም። በእጁ የቀረችው አንዲት ሥልጣን ሰውየው እንዴት እንደሚታወስ መወሰን ናት፤ በእሷም በአግባቡ ተጠቀመባት።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። እኛ ስለ ሹመትና ሽረት የምንተርተው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን ነው። ሹመት መብያ ከሆነ ሽኝት ምን ሊሆን ይችላል? በሴፕቴምበር 1974 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ በየመንገዱ የተሰማው «ሌባ» የሚል ጩኸት ነው። ከዚያ ቀደም ለአሥርተ ዓመታት ይሰማ የነበረው ደግሞ ውዳሴ ብቻ ነበር። ቀብራቸው በሥርዓት የተፈጸመው በኖቬምበር 2000 ነው፤ ከሞቱ ከ25 ዓመት በኋላ። ንጉሠ ነገሥትን ከኳስ ቡድን ኃላፊ ጋር ማመሳሰሌ አይደለም፤ የተጠያቂነታቸው ልክ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የምለው ስለ ሕዝብ ነው። ከውዳሴ ወደ እርግማን በአንድ ጀንበር የሚሻገር ሕዝብ በሁለቱም ጊዜ ሒሳብ አልሠራም። በውዳሴው ጊዜ ጥፋቱን አልጠየቀም፤ በእርግማኑ ጊዜ የተሠራውን አልመዘነም። ስለዚህ ለሚመጣው ሹም የሚያስተላልፈው ትምህርት የለውም፤ ሹሙም የሚማረው ወንበሩን የሙጥኝ ማለትን ብቻ ይሆናል።

ሥልጣኑን ሲለቅ ሥራው በሚዛን እንደሚታይለት የሚያውቅ ሰው መልቀቅን አይፈራም። እንዲህ ያለውን ሚዛን የሚሠራው ደግሞ ሕግ ብቻ አይደለም፤ የሕዝብ ልማድም ነው። ቶሮንቶ ልማዱን በካርተር ጀምራ በኡጂሪ እስክታሳይ ድረስ ሃያ ዓመት ፈጅቶባታል። በእኛም ቤት ይህ ልማድ ከትንሹ ቢጀመር አይከፋም፤ ከዕድር ሊቀ መንበር፣ ከትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ከማኅበር ገንዘብ ያዥ። ጊዜው ያበቃውን ሰው አቁመን፣ የሠራኸው ይህ ነው፣ ያጎደልኸውም ይህ ነው፣ ስለ ሁሉም እናመሰግንሃለን፣ በሰላም ሂድ ማለት እንችላለን።

ቸር እንሰንብት።