ወንበርና አግዳሚ በጉለሌ

በአማርኛ ወንበር ማለት መቀመጫ ብቻ አይደለም። በቀድሞው የቤተ መንግሥት ችሎት ዳኛው ራሱ «ወንበር» ይባል ነበር፤ በቤተ ክህነትም ሊቁ ማስተማር ሲጀምር «ወንበር ዘረጋ» ይባልለታል። በጌቶች አዳራሽ ማን አልጋ ላይ፣ ማን መደብ ላይ፣ ማን መሬት ላይ እንደሚቀመጥ በማዕረግ የተወሰነ ስለ ነበር የመቀመጫ ታሪክ የማዕረግ ታሪክም ነው። አግዳሚ ግን ስሙ እንደሚያመለክተው የተጋደመ እንጨት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከፍታው አንድ በመሆኑ የተቀመጠበት ሁሉ በእኩል ይቀመጣል። (ሽማግሌ ሲመጣ ብድግ ማለቱ እርግጥ አልቀረም።)

በጉለሌ የዚህ አግዳሚ ታሪክ ከዛፉ ይነሣል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የእንጦጦ ጥድና ወይራ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተጨፈጨፈ ተመናመነ። ችግሩ ከመጽናቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማይቱን ያዳናት ትውልዱ ከአውስትራሊያ የሆነው ዛፍ ነው። ባሕር ተሻግሮ ስለ መጣ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። ቢቆረጥም ከጉቶው እያቆጠቆጠ በጥቂት ዓመታት ለማገርና ለወራጅ ይደርሳል።

ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ትራፊ እንጨት ይኖራል። አባወራው ሁለት ባላ ከግድግዳው ሥር ይተክላል፤ በላያቸውም የተጠረበ ግንድ ያጋድማል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ እንጨቱ ግን አስቸጋሪ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ለምሳር ይገዛል፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማርም አላስገባ ይላል። ስለዚህ የሚያውቅበት ሰው ልጡን ወዲያው ልጦ፣ ጥላ ሥር ደርድሮ ያከርመዋል፤ መሬት የሚገባውንም ጫፍ እንዳይበሰብስ በእሳት ይለበልበዋል ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል። መትከሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንድ ዋንዛ ተፈልፍሎ የሚወጣው የጅማ በርጩማ ሦስት እግር ስላለው ወጣ ገባ መሬት ላይ ረግቶ ይቆማል፤ አራት እግር ያለው ግን አንዱ እግሩ ከመሬት እየተነሣ ይንገዳገዳል። በጉለሌ ዳገት ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የእጅ ባለሙያ በሚናቅበት ዘመን ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። በገዛ ደጁ መጥረቢያ ያነሣ አባወራ ግን ባለሙያ ስላልተባለ ያለ አዋጅም ከስድቡ ተርፏል! በጣሊያን ወረራ ጊዜና ከዚያ በኋላ መጋዝ የወጣለት ሳንቃ ሲስፋፋ «ጣውላ» የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ ገብቶ ቀረ፤ አግዳሚውም ከተተከለበት ተነቅሎ በእግሩ መቆም፣ ከቦታ ቦታም መዘዋወር ቻለ።

አግዳሚውን ከግል ደጅ አውጥቶ የጋራ ያደረገው እድር ነው። ከድንኳኑና ከድስቱ ጋር አግዳሚም የእድር ንብረት ሆነ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የቀበሌ ተሰብሳቢም ተቀምጦበታል፤ ዋና ቦታው ግን ለቅሶ ቤት ነው። ለአራት ሰው በተሠራው አግዳሚ ላይ አምስተኛው ሲመጣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይባላል፤ ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ ስፍራ ይለቀቅለታል። ኀዘንተኛ ሳይናገር የሚጽናናው ከዚህ መነካካት ጭምር ነው።

ዛሬ በብዙ እድሮች የፕላስቲክ ወንበር ተተክቷል። ይህን ማማረር አይገባም፤ ቀላል ነው፣ ይታጠባል፣ ተደራርቦም ይቀመጣል፤ አግዳሚ ግን ሁለት ጎረምሳ ይፈልጋል። ሆኖም የፕላስቲኩ ወንበር ለአንድ ሰው ተለክቶ የተሠራ ስለ ሆነ አምስተኛው ሰው ሲመጣ «ጠጋ በሉ» የሚል የለም፤ ሌላ ወንበር እስኪመጣለት ድረስ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃል። እግሩ የተሰበረው አሮጌ አግዳሚም ከጓሮ ይወጣና ተፈልጦ የንፍሮ ማገዶ ይሆናል።