ከሞተር ቤት እስከ ማይክሮግሪድ

የኤሌክትሪክ መብራት በኢትዮጵያ የተጀመረው በረጅም መስመር አይደለም። በ1890 ዓ.ም. ገደማ የአፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ያበራው ጄኔሬተር ብርሃኑ ከግቢው ቅጥር ብዙም አይርቅም ነበር። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም ሥራው በሁለት ወገን ተመራ። አንደኛው በ1952 ዓ.ም. ሥራ እንደ ጀመረው እንደ ቆቃ ካሉ ግድቦች ኃይልን ወደ ሩቅ የሚያደርሰው የተያያዘ ሥርዓት ነው። ሁለተኛው በየከተማው ብቻውን የቆመው፣ በናፍጣ ሞተር ወይም በአነስተኛ የውሃ ኃይል የሚሠራው ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት የሶር (5 ሜጋ ዋት) እና የባሌው ያዶት (350 ኪሎ ዋት) ጣቢያዎች የዚሁ የሁለተኛው ወገን ነበሩ።

የሞተር ቤቱ ባለሙያ የኃይልን ሚዛን በጆሮው ያውቅ ነበር። ጭነት ሲበዛ የሞተሩ ድምፅ ይከብዳል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ገቨርነሩ ነዳጅ ጨምሮ ወደ 50 ኸርዝ ይመልሰዋል። ዋናው መስመር ከተማው ሲደርስ ግን ሞተሩ ዝም ይላል። ናፍጣው ውድ፣ መለዋወጫውም ብርቅ ስለ ነበር ያዘነለት ጥቂት ነው። ይሁንና ከሞተሩ ጋር አብሮ የቀረ ነገር አለ፤ ይኸውም ከተማው ብቻውን መቆም መቻሉ ነው።

የዚህ ዋጋ በሰሜን ወሎ ታየ። የሀብሩ ወረዳ ርእሰ ከተማ መርሳ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአውራ ጎዳናው ላይ ትገኛለች። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢውን ባዳረሰባቸው ወራት መብራት ተቋረጠ። መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ይቆማል፣ ውሃ የሚስበው ፓምፕ ይቆማል፣ ክትባትም በማቀዝቀዣ ውስጥ ይበላሻል።

ማይክሮግሪድ የሚባለው የሞተር ቤቱ ልጅ ነው። የፀሐይ ሰሌዳ፣ ባትሪና ኢንቨርተር፣ አንዳንዴም ለክፉ ቀን የተቀመጠ የናፍጣ ሞተር ይኖረዋል። ዋናው መስመር ሲቋረጥ ብሬከሩ ከተማውን ከመስመሩ ይለያል፤ ይህም ከከተማው ወደ ኋላ የሚመለስ ኃይል በምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ እንዳይመታው ጭምር ነው። ከዚያ ኢንቨርተሩ ቮልቴጁንና 50 ኸርዙን በራሱ ያቆማል፤ ኃይሉ ሲያንስ ጭነትን በቅደም ተከተል ይቀንሳል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በርካሽ የሚገዛው ኢንቨርተር የመስመሩን ሞገድ ከመከተል በቀር ሌላ አያውቅም፤ እንዲህ ያለውን የገዛ ሆስፒታል፣ ጣሪያው ሁሉ በሰሌዳ ቢሸፈንና ፀሐይ ቢያቃጥል እንኳ፣ ከመስመሩ ጋር አብሮ ይጨልማል።

በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ለማዳረስ አቅዶ ነበር። የፀሐይ ኃይል ማይክሮግሪድ የታሰበውም በዋናነት ሽቦ ላልደረሰበት ቀበሌ ነው። ሽቦ የደረሰው ከተማ ግን እንደ ተፈጸመ ሥራ ተቆጠረ፤ ይህ አቆጣጠር ከመርሳ አኳያ ሲታይ አያሳምንም። በእንዲህ ያለ ከተማ ለጤና ተቋም፣ ለውሃ ፓምፕና ለጥቂት ወፍጮዎች የተለየ አንድ መስመር ከዋናው ተነጥሎ ለመቆም የሚሻው ኃይል የያዶትን ያህል እንኳ አይሆንም።