የሌኒንግራድ ጎርፍና የፈሪ ውሻ ሕክምና

«ተወው፣ ይልመደው!» ፈሪ ውሻ ያለው ሰው ሁሉ ከጎረቤት የሚሰማው ምክር ይህ ነው። ነጎድጓድ የሚያስበረግገውን ውሻ ደጅ አስሮ መተው፣ ሰው የሚሸሸውን ጎትቶ እንግዳ ፊት ማቆም። የእንስሳት ሐኪም ነኝና ምክሩን ክረምት በገባ ቁጥር ከደንበኞቼ እሰማዋለሁ። ቡሄ ሲደርስ ጅራፉ፣ በበዓል ዋዜማ ደግሞ ርችቱ ሲታከልበት ይብሳል። የፍርሃት መድኃኒቱ ሌላ መሆኑ ከታየ ግን 100 ዓመት አልፏል። መንገዱን ያሳየውም ጎርፍ ነው።

መስከረም 13 ቀን 1917 ዓ.ም. የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ የዚያን ጊዜዋ ሌኒንግራድ፣ በማዕበል ተጥለቀለቀች። የኔቫ ወንዝ ከወትሮው ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ከፍ አለ። በከተማዋ የኢቫን ፓቭሎቭ ቤተ ሙከራ ይገኝ ነበር። ፓቭሎቭ በምግብ መፈጨት ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኙ፣ ውሻ ምግብ የሚያስታውሰውን ድምፅ ሲሰማ ምራቁን እንደሚያዝረበርብ በማሳየት ስማቸው የገነነ ሊቅ ናቸው። ምራቁን ለመለካት የውሾቹን ጉንጭ በቀዶ ሕክምና ይከፍቱ ነበር፤ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይከብደኛል። ከእነዚህ እንስሳት የተማርነውን አለመጠቀም ግን ሁለተኛ በደል ይመስለኛል።

የውሾቹ ማደሪያ ከቤተ ሙከራው ራቅ ያለ ነበር። ማዕበሉ ግድግዳውን ሲመታ፣ ዛፎች እየተሰበሩ ሲወድቁ፣ ሠራተኞቹ ውሾቹን በትንንሽ ቡድን እያስዋኙ ወደ ቤተ ሙከራው አሻገሯቸው። ሌላ ጊዜ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚናከሱት እንስሳት ያን ቀን ተጠጋግተው ጸጥ አሉ፤ አንዱም አልተጣላም። ፓቭሎቭ ይህን ዝምታ ልብ ብለው መዝግበውታል። እኔም በምርመራ ጠረጴዛ ላይ ድርቅ ብሎ የሚቆም ውሻ ሲመጣልኝ ባለቤቱ «ጨዋ ነው» ቢለኝም ቶሎ አላምንም፤ ጆሮው ወደ ኋላ መተኛቱን፣ ጅራቱ በእግሮቹ መሃል መግባቱን አያለሁ።

ውሃው ሲጎድል አንዳንዶቹ ውሾች እንደ ቀድሞው ሆኑ። በተፈጥሯቸው ድንጉጥ የሆኑት ግን ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ቶሎ አልተመለሱም። አንደኛው ለለመደው ምልክት ሁሉ ይሰጥ የነበረው ምላሽ ጠፍቶበት፣ የቀረበለትን ምግብ እንኳ እምቢ አለ። በጊዜው ደንብ ውሻው ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ይሆናል፣ ተመራማሪው ውጭ ሆኖ ይከታተላል። የፓቭሎቭ ረዳት ስፔራንስኪ ደንቡን ለውጦ አጠገቡ ገብቶ ተቀመጠ። ውሻው መብላት ጀመረ፤ የጠፋው ምላሹም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ቀስ በቀስ መራቅ ቻለ።

ውሻው ካገገመ በኋላ ተመራማሪዎቹ ከበሩ ሥር ጥቂት ውሃ አፈሰሱ። ውሃው ውሻው ከቆመበት ጠረጴዛ አጠገብ ኩሬ ሠራ። ውሻው ብድግ ብሎ ወለሉ ላይ አፈጠጠ፣ ያለከልክ ጀመር፣ ከጠረጴዛው ሊወርድ ታገለ፣ ምግቡንም ተወ። ጎርፉን ሁሉ መልሶ ለማምጣት ያ ትንሽ ውሃ በቃው። «ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ምን ነካው?» ለሚሉኝ ሁሉ የምነግራቸው ይህን ታሪክ ነው።

ጎርፉ በደረሰበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1924፣ በአሜሪካ ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ፣ ጥንቸሏን በሽቦ ሳጥን አድርጋ ከሩቅ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት በማቅረብ ፍርሃቱን እንዳስለቀቀችው ጻፈች። ደቡብ አፍሪካዊው ጆሴፍ ዎልፒ መንገዱን በድመቶች ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1958 መጽሐፍ አወጣበት። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ የኦሃዮ ተመራማሪዎች ነጎድጓድ የሚፈራ ውሻን በተቀዳ የነጎድጓድ ድምፅ አከሙ፤ ድምፁን ዝቅ አድርገው ጀምረው፣ ውሻው ሲረጋጋ ብቻ ከፍ እያደረጉ።

የእኛን ግቢ የሚነካው ግን በአሜሪካ ሜይን ግዛት በባር ሃርበር የተደረገው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመው በዚህ ሥራ ቡችሎች ሰው ሳይነካቸው በታጠረ መስክ አደጉ። እስከ 14 ሳምንት ሰው ያልቀረባቸው ከዚያ በኋላ ለማላመድ እጅግ አስቸገሩ። ቡችላን ገና ጡት እንደጣለ አጥር ጥግ አስሮ «ለጥበቃ» ማሳደግ ይኸው ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚጮኸው ብዙው ውሻ ደፋር ስለሆነ አይደለም፤ ሰው የማያውቅ ፈሪ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ዝናብ ሳይመጣ፣ ገና በበጋው ጀምሩ። የነጎድጓድ ድምፅ በስልካችሁ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱና ውሻው የሚወደውን እየበላ ይስማው፤ መብላት ካቆመ ድምፁ በዝቶበታልና ቀንሱ። እውነተኛው ነጎድጓድ ሲመጣ ሰንሰለቱን ፈታችሁ ወደ ቤት አስገቡት፣ አጠገቡም ተቀመጡ። ሲፈራ ማባበል ፍርሃቱን ያስለምደዋል የሚላችሁን አትስሙ። ቡችላ የምታሳድጉም ከሆነ በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ሰው ይልመድ፣ ልጆች ይንኩት፣ ማሰሪያው ይቆየው።