ከጣርማ በር እስከ ከሚሴ፦ ፍርሃት ያደረበት ጎዳና

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው «ጆይ ራይድ» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ታሪኩ አጭር ነው። ሩቅ መንገድ የያዙ ሁለት ወንድማማቾች በመኪና መገናኛ ሬዲዮ ሴት መስለው በአንድ የከባድ መኪና ሹፌር ላይ ይቀልዳሉ። በሬዲዮ «ረስቲ ኔል» ብሎ ራሱን የሚጠራው ሹፌር ቀልዱን አይምራቸውም፤ ከከተማ ከተማ ያሳድዳቸዋል። የሰውዬው ድምፁ ይሰማል፣ መኪናው ይታያል፣ ፊቱ ግን በቅጡ አይገለጥም። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2014 ሁለት ተከታይ ክፍሎች ወጡለት፤ ሁለቱም በቀጥታ ለዲቪዲ ገበያ የተሠሩ ነበሩ። መንገዱን ቀድመው የጠረጉት ደግሞ «ዘ ሂቸር» (1986) እና የስቲቨን ስፒልበርግ «ዱኤል» (1971) ናቸው።

እነዚህ ፊልሞች ያለ ጭር መንገድ አይሠሩም። ተመልካቹን የሚያስፈራው ገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ቢጮኹ የሚሰማ፣ ቢለምኑ የሚቆም ሰው አለመኖሩ ጭምር ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ከሚሴ፣ የአማራ ክልል ኦሮሚያ ዞን ዋና ከተማ፣ እንዲህ ያለ ጭርታ አታውቅም። በዞኑ ውስጥ መንገዱ ገበያም ነው፣ የከብት መተላለፊያም ነው። እሑድ በሰንበቴ ከተማ ገበያ ላይ ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ ይገናኛሉ። ግመሎች አስፋልቱን ያቋርጣሉ፤ ፍየል የሚጎትት ልጅ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ጭነት የያዘው ተሳቢ ጡሩንባውን እየነፋ በመካከላቸው ያልፋል። በበጋ ደግሞ ሣርና ውኃ ፍለጋ ወደ ቦርከና ዳር፣ ወደ ጨፋ ሜዳ የሚወርደው ከብት አለ። እዚህ ሹፌሩን የሚያስጨንቀው የመንገዱ ባዶ መሆን ሳይሆን መሙላቱ ነው።

መንገዱ ከባድ ትዝታውን የጀመረው ገና በጦርነት ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,700 በላይ መኪናዎች አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። በኮሎኔል ክፍሌ ነሲቡ የሚመሩት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች ጣርማ በር ላይ ሊያቆሙት ሞከሩ፤ መንገዱም ተቆፍሮ ተቆርጦ ነበር። ጠላት መንገዱን ጠግኖ አለፈ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ጣሊያን ተራራውን ሰርስሮ የጣርማ በርን ዋሻ ሠራ፤ ርዝመቱ 587 ሜትር ነው።

ዋሻው ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ ቁልቁል ተወርዶ 1,280 ሜትር ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ይደረሳል። ላይ ብርድና ጉም፣ ታች ሙቀት። ቁልቁለቱን የጫነ መኪና የሚነዳ ሰው ማርሽ አክብዶ መውረድ አለበት፤ በፍሬን ብቻ ከተማመነ ፍሬኑ ይግልና አልይዝ ይለዋል። ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ ከመሠራቱ በፊት የአሰብ ጭነት ሁሉ በዚህ መስመር ወርዶ፣ በከሚሴ አልፎ፣ ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ባሕር ይሄድ ነበር። ሰው ለመኪናዎች ያወጣው ስም ራሱ ፍርሃቱን ይናገራል፤ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎታል።

ከዚህ ጎዳና ሁለት ፊልሞች ወጥተዋል ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው።

የመጀመሪያው መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን ይዟል። የሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ማራቶን ሻምፒዮኑ አበበ ቢቂላ ሸኖ አጠገብ ፎልስዋገኑ ተገለበጠችበት፤ እስኪነጋ ድረስ ውስጧ ተይዞ አደረ። ልጁ ጽጌ አበበ በጻፈችው የሕይወት ታሪክ ውስጥ አበበ ራሱ የተናገረው ሰፍሯል፦ በፍጥነት ከፊት ለፊት የመጣ መኪና ሊሸሽ ሲል ነው የወደቀው። ያ ሹፌር በታሪኩ ውስጥ እንደ «ረስቲ ኔል» ፊት የለውም። የቀረው ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። አበበ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ታከመ፤ እግሮቹ አልተመለሱለትም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፣ ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ራሴላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል በ2001 ዓ.ም. ያቀረቡት «አትሌቱ» ይህን ይተርካል፤ ኢትዮጵያም ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልም ውድድር ያቀረበችው የመጀመሪያ ፊልሟ ሆነ።

ሁለተኛው ከዚህም የከበደ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ሕዝቡ መንደሩን ጥሎ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። እናቶች ልጅ እንደታቀፉ ዳሩን ይዘው ተቀመጡ፤ የሚያልፈውን መኪና እያስቆሙ እህል ለመኑ። መንገዱ በሰው የተሞላ ነበር፤ መንግሥት ግን እንዳላየ ሆነ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ገብቶ የቀረጸው «ያልታወቀው ረሃብ» በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ደነገጠ። የሟቾቹ ቁጥር ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል።

ፊልሙ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሌላ መልክ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ የረሃቡን ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እንዲመለከቱት ተነገራቸው። በማግስቱ ከዙፋን ወረዱ። በማናቸውም የአሜሪካ የጎዳና ፊልም ውስጥ ይህን የሚያህል አስፈሪ ትዕይንት የለም፤ ምክንያቱም እዚያ ማንም ባለማለፉ ነው ሰው የሚሞተው፣ እዚህ ግን መኪናው በአጠገባቸው እያለፈ ሞቱ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከሚሴ ራሷ በሰሜኑ ጦርነት ግንባር ውስጥ ገባች፤ እስከ ኅዳር መገባደጃ ድረስ በታጣቂዎች እጅ ቆየች። በዚህ መንገድ ዳር የሚኖረው ኦሮሞም አማራም፣ ከሚሴም አጣዬም፣ ከባድ ሐዘን አልፎበታል። የዚያን ጊዜ ፊልም የሚሠራ ባለሙያ ቢነሣ ካሜራውን መጀመሪያ የእሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ ቢተክል መልካም ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ማን ከማን እንደተቆራረጠ የሚታየው እዚያ ነው።