የጃፓንና የአሜሪካ የእንጨት ቦርድ ግዢ ሲነጻጸር

ኮምፔርሳቶ፣ ቺፕውድ፣ ኤምዲኤፍና ኦኤስቢ በዓለም አቀፍ የንግድ መዛግብት ከእንጨት የተሠሩ ቦርዶች በሚል የጋራ ስም ይጠቃለላሉ፡፡ በጉምሩክ መለያ ቁጥር ግን ይለያያሉ፤ ቺፕውድና ኦኤስቢ በ4410፣ ኤምዲኤፍና ሌሎች የፋይበር ቦርዶች በ4411፣ ኮምፔርሳቶ ደግሞ በ4412 ይመዘገባሉ፡፡ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ያለውን የየአገሩን አኃዝ ያወጣል፡፡ ሆኖም ሁለት አገሮችን በእነዚህ አኃዞች ማነጻጸር የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም፡፡

ጃፓንን እንውሰድ፡፡ ለብዙ ዓመታት በብዛት ታስገባ የነበረው ኮምፔርሳቶ ሳይሆን ግንድ ነው፡፡ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያና ከማሌዢያዋ ሳባህ የሚመጣው ግንድ በጃፓን ፋብሪካዎች እየተላጠና እየተጣበቀ ኮምፔርሳቶ ይሆን ነበር፡፡ ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1985 ግንድ ወደ ውጭ መላክን ሙሉ በሙሉ ስትከለክል ነገሩ ተገለበጠ፡፡ ፋብሪካውም ሥራውም ወደ ደኑ አገር ሄደ፤ ጃፓንም ያለቀለትን ኮምፔርሳቶ ገዢ ሆነች፡፡ የቦርዱን ሠንጠረዥ ብቻ የሚመለከት ሰው የጃፓን ግንበኞች በድንገት ኮምፔርሳቶ ያበዙ ሊመስለው ይችላል፡፡ ለውጡ በአብዛኛው እንጨቱ የሚገባበት መልክ ነው፤ ስለዚህ የግንዱም ዓምድ አብሮ መነበብ አለበት፡፡

ሁለተኛው መታጠፊያ የመጣው ከሩሲያ ነው፡፡ ሞስኮ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በግንድ ላይ የወጪ ንግድ ቀረጥ ስትጨምር፣ የሩሲያን ግንድ የለመዱት የጃፓን ፋብሪካዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአገራቸው ወደተተከለው ሱጊ ወደሚባል ዛፍ ፊታቸውን አዞሩ፡፡ የቤት ግንባታውም ቀዘቀዘ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1996 ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ተጀምረው ነበር፤ በ2009 ግን ከ800 ሺሕ በታች ወረደ፡፡

የአሜሪካ ግዢ ሌላ ጠባይ አለው፡፡ ኦኤስቢው በአብዛኛው ከጎረቤት ካናዳ ስለሚመጣ ከቤት ግንባታው ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት ሚሊዮን ያህል ቤቶች የተጀመሩባት አገር በ2009 የጀመረችው 554 ሺሕ ብቻ ነው፡፡ ለቤት ዕቃና ለወለል የሚሆነውን ኮምፔርሳቶ በተመለከተ ደግሞ በ2000ዎቹ ቻይና ገበያውን ያዘች፡፡ የአሜሪካ አምራቾች ክስ አቀረቡ፤ በ2013 ተሸነፉ፡፡ እንደገና ከስሰው በ2018 መጀመሪያ 183.36 በመቶ የፀረ ዳምፒንግ ቀረጥ አስጣሉ፡፡

ከዚያ በኋላ የቻይና ድርሻ ወርዶ የቬትናምና የሌሎች አገሮች ከፍ አለ፡፡ ይህ ግን ሙሉ ታሪኩ አይደለም፡፡ የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2023 ውስጡ የቻይና ሆኖ ቬትናም ውስጥ የተጠናቀቀ የተወሰነ ኮምፔርሳቶ ቀረጡን ለማምለጥ የመጣ ነው ሲል ወስኗል፡፡ የትውልድ አገር የሚለው ዓምድ እንጨቱ ከየት እንደተቆረጠ አይናገርም፡፡

ስለ መለኪያውም አንድ ነገር እንበል፡፡ በዶላር ማነጻጸር ያሳስታል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የኦኤስቢ ዋጋ ክብረ ወሰን ሲሰብር የገባው መጠን በዚያው ልክ አልጨመረም፡፡ ኩቢክ ሜትር ይሻላል፡፡ የቆዩ የፋኦ ድምሮች ቬኒርንም ከቦርዶች ጋር ይቆጥሩ ስለነበር፣ የድሮውን ከአዲሱ የሚያስተያይ ሰው አስቀድሞ ቬኒሩን መቀነስ ይኖርበታል፡፡