የሴቶች ጥያቄ በጎንደርና በስድስት ኪሎ

በሀገራችን የሴቶች ጥያቄ በኮሌጅ ግቢ መነሣት የጀመረው መቼ ነው ተብሎ ሲጠየቅ፥ የብዙው ሰው ዐሳብ የሚሮጠው ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ስድስት ኪሎው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። በክርክሩ በኩል ይህ እውነት ነው። ሥራውን ግን ከክርክሩ ለይቶ ለሚመለከት ሰው፥ ከዚያ አስቀድሞ ጎንደርን መጎብኘት ይገባዋል እላለሁ።

በ1946 ዓ.ም. ገደማ በደንቢያ ሜዳ የወባ መቅሠፍት ወርዶ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፥ ሐኪም ከከተማ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሳይሆን ራሱ ወደ ሕዝቡ የሚወርድ የጤና ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ ግልጽ ስለ ሆነ፥ በ1947 ዓ.ም. በዓለም ጤና ድርጅት፥ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ኮሌጁ የጤና መኰንን፥ ሳኒታሪያንና ኮሚዩኒቲ ነርስ የተባሉትን ሦስት ባለሙያዎች አንድ ላይ አሠልጥኖ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጣቢያዎች ባንድነት ይልካቸው ነበር። የፊተኞቹ ሁለት ሙያዎች በአብዛኛው የወንዶች ሲሆኑ፥ ሦስተኛው የሴቶች ነበረ። እንግዲህ ነገሩን በዚያ ዘመን መነጽር እንየው፤ ልጃገረድ ገና ጡት ሳታወጣ በምትታጭበት፥ ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት ምጥ በሚይዛት ሀገር፥ ነጭ የለበሰች፥ ፊደል የቈጠረች፥ ከማንም ጋር ያልተዳረች ወጣት ቦርሳዋን አንግባ ከገበሬው ደጅ ቆማ «እናታችን፥ እንደ ምን ዋሉ» ስትልና ከባልየው አስቀድማ ከሚስቲቱ ጋር ስትነጋገር መታየቷ ራሱ ስብከት ነበር። ስለ እርግዝና፥ ስለ ወሊድ፥ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ የሚደረገው ያ ጭውውት በየትኛውም መጽሔት አልታተመም፤ ሴታዊነት ብሎ የሰየመውም አልነበረም።

ለነገሩ ጎንደር ለሴት ሥልጣን እንግዳ አይደለችም። እቴጌ ምንትዋብ በልጃቸው በኢያሱ ዘመን መንግሥቱን እንደ ያዙ፥ በደብረ ፀሐይ ቁስቋምም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት እንዳሠሩ ይታወቃል። ከርሳቸው በፊት ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የዐፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ መግባት ተቃውማ በጣና ዙሪያ ማኅበር መሥርታለች፤ ገድሏም ከዕረፍቷ በኋላ ተጽፏል። ይሁን እንጂ አንዲቱ ንግሥት፥ አንዲቱ ቅድስት ነች፤ ለባላገሩ ሴት ልጅ ሁለቱም ከአጥር ማዶ የሚታዩ ነበሩ። በቅኔ ቤት እንኳ እንደ ጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንበር ተክላ ወንድ ተማሪ የምታስቀኝ መምህርት መገኘቷ ዝናዋን ያገነነው ነገሩ ብርቅ ስለ ነበረ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት በሩን የከፈተው በ1924 ዓ.ም. በተከፈተው በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፥ በጠላት ወረራ ዘመን ታስረው ወደ ጣልያን ተግዘው የተመለሱት፥ ኋላ ይህንኑ ትምህርት ቤት መርተው በ1950 ዓ.ም. የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ተመርጠዋል። የርሳቸው ትውልድ ጥያቄውን ያቀረበው በጨዋ ደንብ፥ በልመናና በምሳሌ ነበር።

የሚቀጥለው ትውልድ ግን ልመናን የሚጠየፍ ሆነ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያለ አደባባይ የወጣው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ጭቁኖች ሁሉ ይናገር ነበርና፥ ስለ ሴትም ይናገር ነበር፤ የሚናገረው ግን ወንዱ ነበረ። የዚህን ነገር ጉድለት እንደ መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. ያጋለጠ ቀን የለም። በዚያ ዕለት በራስ መኰንን አዳራሽ ሴት ተማሪዎች የሚካፈሉበት የልብስ ትርዒት ሲሰናዳ፥ ትርዒቱ የባዕድ ባህል መስፋፋት ነው፥ ሕዝብ እየተራበ ቅንጦት ነው በማለት የተቈጡ ተማሪዎች ተሰብስበው ተሳታፊዎቹን ሰደቡ፥ እንቁላል ወረወሩባቸው፥ አንገላቱአቸው፤ ሁከቱም ወደ ከተማው ተዛምቶ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደረሰ። የቅንጦቱ ነቀፋ ምክንያት አልነበረውም አልልም፤ ድኻ በሞላበት ሀገር ማንንም ያስቈጣል። ነገር ግን የባላባቱን ሥርዓት እናፈርሳለን የሚሉ ወጣቶች የሴትን ቀሚስ ርዝመት በመለካት ረገድ ከባላባቱ ሽማግሌ ጋር አንድ ቃል ሆነው መገኘታቸው፥ ዱላውም ትርዒቱን በፈቀደው ባለሥልጣን ላይ ሳይሆን በልጃገረዶቹ ላይ ማረፉ፥ ለታሪክ ጸሓፊ የሚያስተዛዝብ ነው። ከዚያ በኋላ ንባቡ ወደ ማርክስና ሌኒን ሲያዘነብል፥ የሴቶች ጥያቄ የመደብ ጥያቄ ቅርንጫፍ ነው፥ ግንዱ ሲቈረጥ ቅርንጫፉም ይደርቃል የሚል ትምህርት ተስፋፋ። ይህንን ተቀብለው ግንባር ቀደም የሆኑ ሴቶች አልጠፉም፤ የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራህቱ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከተማሪዎች ንቅናቄ መሪው ከዋለልኝ መኰንን ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ በተደረገው ሙከራ ተገድላለች።

በአብዮቱ ሥልጣን የያዘው የወታደሮች መንግሥት፥ ደርግ፥ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻን ሲያውጅ ስድሳ ሺህ የሚያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር እንዲወርድ ተደረገ። የገጠሩን ሴት ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቃት የከተማ ተማሪ በጎጆዋ ደጅ ሲቆም፥ የጎንደር ነርሶች ሃያ ዓመት ሲመላለሱበት የኖሩትን መንገድ ገና መጀመሩ ነበር፤ ነርሶቹን ግን ማን ጠየቃቸው! ብዙ ሳይቈይ ደርግ ተቃዋሚዎቹን የፈጀበት ቀይ ሽብር መጣ። ከግራ ክንፉ ፓርቲ ከመኢሶን መሪዎች አንዷ የነበረችው ንግሥት አዳነ ሕይወቷን አጣች፤ በጎንደርም በሻለቃ መላኩ ተፈራ አስተዳደር ዘመን ከየትምህርት ቤቱ የታፈሰው ወጣት፥ ወንዱም ሴቱም፥ በእናቶች ልቅሶ ውስጥ እስከ ዛሬ ይነሣል። በ1970ዎቹ መባቻ የተመሠረተው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ሴቶችን ከቀበሌ እስከ ሀገር አደራጀ፤ ነገር ግን መመሪያ የሚወርድበት እንጂ ክርክር የሚነሣበት ቤት አልነበረም።

እዚህ ላይ የጎንደርን የአብነት ትምህርት ማስታወስ ይጠቅማል። የላይ ቤትና የታች ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ፥ የበአታም አቋቋም ሲነገር፥ መምህሩ ከማን እንደ ተማረ፥ ያም ከማን እንደ ተቀበለ በቅብብል ይቈጠራል፤ ተማሪው ከቀደሙት ጋር ሲለያይ እንኳ ከማን እንደ ተለየ ያውቃል። የኮሌጅ ሴቶች ክርክር ግን ይህን የመሰለ ሐረግ አላገኘም። ያስተምሩ የነበሩት ተገደሉ፥ ታሰሩ፥ ተሰደዱ፤ የተረፉትም ስለዚያ ዘመን ለልጆቻቸው እንኳ መናገር ፈሩ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ትውልድ ነገሩን ከ«ሀ» ጀመረ።

ከደርግ ውድቀት በኋላ ጥያቄው ሕግ ለበሰ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ያስገደዳትን ልጅ ቢያገባት ከቅጣት ያድነው ነበር፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ለሴት የጋብቻ ዕድሜ ዐሥራ አምስት ዓመት ይል ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፥ ከሕግ ትምህርት ቤት የወጡ ሴቶች ማኅበር ነውና የኮሌጁ ልጅ ሊባል ይችላል፤ ከሌሎች ጋር በመከረበትና በተሟገተበት ጉዳይ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ወደ ዐሥራ ስምንት አነሣ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን አወጣ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ የጠላፊውን መሸሸጊያ ዘጋ።

የኛ ዘመን ልጆች ክርክሩን ወደ ራሱ ወደ ግቢው መልሰውታል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ከመምህርቷ ከብሌን ሳህሉ ጋር የሎው ሙቭመንትን የመሠረቱ ተማሪዎች፥ ጠረጴዛ ዘርግተው የሚያልፈውን ተማሪ ስለ ጥቃትና ስለ ትንኮሳ ያነጋግሩ ጀመር፤ በ2006 ዓ.ም. በእነ ዶክተር ስሂን ተፈራ የተመሠረተችው ሴታዊትም ፌሚኒዝምን በአማርኛ ስም ጠርታ ወደ ውይይት አቀረበችው። ከአባቶቻቸው የሚለዩበት ነገር ቢኖር፥ አባቶቹ አብዮቱ ካለፈ በኋላ ይታያል ብለው ያሳደሩትን፥ እነርሱ ዛሬ በዶርም ደጅና በመምህሩ ቢሮ ምን ይደረጋል ብለው መጠየቃቸው ነው።

የጎንደሩ ኮሌጅ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በማራኪና በቴዎድሮስ ግቢዎች ሕግና ማኅበራዊ ሳይንስን ጨምሮ ያስተምራል፤ በደባርቅም በቅርብ ዓመታት ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። ከሊማሊሞ ሥር ያለችው የድብ ባሕር ልጅ እንግዲህ ገደሉን ወጥታ ደባርቅ ስትደርስ ኮሌጅ ታገኛለች፤ እናቷ በክትባት ጊዜ ብቻ የምታውቀው የተማረች ሴት ሙያ ለርሷ የሚመረጥ ሆኗል። በየግቢው የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ለአዲስ ገቢ ሴቶች ሥልጠና ይሰጣል፥ አቤቱታ ይቀበላል። ከየትኛው መምህር ቢሮ ብቻዋን መግባት እንደማይገባት፥ በየትኛው መንገድ ማምሸት እንደማይበጅ የምትሰማው ግን በአብዛኛው ከዶርም ጓደኛዋ፥ ከሦስተኛ ዓመቷ ተማሪ ነው፤ ያችም በሚመጣው ዓመት ትመረቃለች፥ የምታውቀውንም በወረቀት አስፍሪልን ያላት የለም።